የመኖሪያ ቤት ፓኬጅ ኤሲን ከነዳክቱ መግጠም፦ ከመሬት ዝግጅት እስከ መጀመሪያው ሙከራ

በአትላንታ ዙሪያ ወገኖቻችን ከሚገዟቸው አሮጌ ቤቶች መካከል ከወለላቸው ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ክፍተት ያላቸው አሉ፤ ክሮል ስፔስ የሚባለው ነው። በእንዲህ ያሉት ቤቶች ጎን ወይም ጓሮ አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ተቀምጦ፣ ሁለት ወፋፍራም የአየር ቱቦዎች ከሣጥኑ ወጥተው በመሠረቱ ግድግዳ በኩል ወደ ወለሉ ሥር ሲገቡ ታያላችሁ። ሣጥኑ ፓኬጅ ዩኒት ይባላል። የማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ ሙቀት የሚቀበሉትና የሚያወጡት ሁለቱ ኮይሎች (የቧንቧ ጥቅልሎች)፣ አየር የሚገፋው ብሎወር፣ ብዙ ጊዜም የጋዝ ማሞቂያው ጭምር አንድ ላይ የታጨቁበት ነው። ቱቦዎቹ ዳክት ናቸው፤ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚያደርሰው ሳፕላይ፣ የሞቀውን የቤት አየር ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ሪተርን ይባላል።

ይህ መመሪያ ያረጀውን ማሽን አንስቶ አዲስ ለመግጠምና ዳክቱንም እንደ አዲስ ለመሥራት ነው። ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም ሣጥኑ ላይ ያውላል፤ የትኛው ብራንድ ይሻላል፣ ስንት ቶን ነው፣ የስንት ዓመት ዋስትና አለው ይላል። ስለ ዳክቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሥራው ላይ እንዳየሁት፣ «አዲስ ኤሲ አስገብቼ መኝታ ቤቱ አልቀዘቀዘም» የሚለው አቤቱታ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ዳክቱ ነው፤ ከዳክቱም ይልቁን ሪተርኑ። ከዚህ በታችም ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለእርሱ ነው።

ማን ምን ይሥራ

የማሽኑን መደብ ማዘጋጀት፣ ዳክት መዘርጋት፣ ማሸግ፣ የውሃ መውረጃውን ማበጀት እጁ ሥራ የለመደ ባለቤት ከረዳት ጋር የሚችለው ነው። የ240 ቮልት መስመር፣ የጋዝ ቧንቧና የመጀመሪያው ሙከራ ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው። የማቀዝቀዣ ጋዙን መስመር ለመክፈት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የሚጠይቀው «ሴክሽን 608» የሚባል ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው። ፓኬጅ ዩኒት ጋዙ ከፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ ስለሚመጣ፣ ሥራው በሥርዓቱ ከተከናወነ ማንም ያን መስመር መንካት አያስፈልገውም። ከስፕሊት፣ ማለትም ግማሹ ውጭ ግማሹ ቤት ውስጥ ከሚገጠመው ማሽን፣ የሚቀለውም በዚህ ነው፤ መዳብ ቧንቧ መበየድ የለበትም።

በጆርጂያ ይህን ሥራ በኮንትራት የሚይዝ ሰው የስቴቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ክላስ 1 የሚባለው ፈቃድ እስከ 60,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ለሚደርስ ማቀዝቀዣና እስከ 175,000 ቢቲዩ ለሚደርስ ማሞቂያ ይበቃል፤ ለተለመደ መኖሪያ ቤት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፤ የሀገር ልጅ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ከካውንቲው የሥራ ፈቃድ ማውጣትም አትዝለሉ። ባለቤቱ ራሱ በገዛ ቤቱ ምን ያህሉን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት የምትጠይቁት እዚያው ነው።

1. መጠኑን አስሉ

አንድ ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት የማውጣት አቅም ነው። «በየ500 ካሬ ጫማ አንድ ቶን» የሚባለውን የቃል ስሌት ተዉት። ትክክለኛው ማኑዋል ጄ የሚባለው የሂሳብ ዘዴ ነው፤ የመስኮቱን ስፋትና አቅጣጫ፣ የጣሪያውን ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚከላከለውን ሽፋን)፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የአካባቢውን ሙቀት ሁሉ ይቆጥራል። ኮንትራክተሩ ውጤቱን በወረቀት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «ልምዴ ይበቃኛል» ካለ ሌላ ፈልጉ።

አትላንታ ወበቃም ከተማ ስለሆነች ማሽን ማብዛት ይጎዳል። ከመጠን ያለፈ ኤሲ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ቴርሞስታቱ 72 እያለ አንሶላው እርጥብ እርጥብ የሚልበት ቤት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን 1,400 ካሬ ጫማ የሆነና ስሌቱ 30,000 ቢቲዩ፣ ማለትም 2.5 ቶን፣ የጠየቀ ቤት እንውሰድ። ለአንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ያስፈልጋል፤ በሙያው ቋንቋ 400 ሲኤፍኤም። የእኛ ቤት 1,000 ሲኤፍኤም ፈለገ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ዳክቱ ሁሉ የሚለካው በእርሱ ነው።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ፓኬጅ ዩኒት ዝቅተኛው የብቃት መለኪያ 13.4 ሲር2 ነው። ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት ደግሞ በቀድሞው አር-410ኤ ፋንታ አር-454ቢ ወይም አር-32 የሚባሉ ጋዞችን ይጠቀማሉ። እነዚህ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በማሽኑ አጠገብ እሳት አይለኮስም፤ የፋብሪካው መመሪያ ስለ ጋዝ ፍሳሽ ሴንሰሩ የሚለውም ቃል በቃል ይፈጸማል።

2. መደቡን አዘጋጁ

መሬት ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ። የተቀበረ የጋዝና የመብራት መስመር በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል።

ማሽኑ የሚያርፍበት መደብ ከዙሪያው መሬት ቢያንስ 3 ኢንች ከፍ ይበል። ሣሩን ከነሥሩ አንሱ፣ አፈሩን ጠቅጥቁ፣ ጠጠር አልብሱ፣ እንደገና ጠቅጥቁ፤ ከዚያ የኮንክሪት ወይም የፕላስቲክ መደቡን አስቀምጡና በውሃ ልክ ለኩ። ከቤቱ አጠገብ ያለው አፈር መሠረቱ ሲሠራ ተቆፍሮ የተመለሰ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይሰምጣል። ጠቅጠቃውን የቸኮለበት ሰው ከዓመት በኋላ ማሽኑ ዘሞ፣ ዳክቱ ከግድግዳው ተላቆ ያገኘዋል።

በሣጥኑ ዙሪያ ስንት ኢንች ክፍት ቦታ እንደሚተው መመሪያው ላይ ተጽፏል። በኤሌክትሪክ መክፈቻው በኩል ግን 36 ኢንች ጥልቀትና 30 ኢንች ስፋት ያለው ሰው የሚቆምበት ቦታ ይኑር። የጋዝ ማሞቂያ ካለው ጭስ ማውጫው ወደ መስኮት እንዳይዞር አስቀድማችሁ አስቡበት።

3. አሮጌውን አንሱ

ብሬከሩን አጥፉ፣ ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ዲስኮኔክትም (የመብራት ማቋረጫ) ንቀሉ፣ በመለኪያ መሣሪያ መብራት አለመኖሩን አረጋግጡ። ጋዙን ባለሙያው ይዝጋ። በአሮጌው ማሽን ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ወደ አየር አይለቀቅም፤ ወንጀል ነው፤ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው በሲሊንደር ይሰበስበዋል።

አሮጌው ዳክት ነጭ ጨርቅ የመሰለ ቴፕ ወይም ግራጫማ ነጭ ሽፋን ካለውና ቤቱ ከ1980 በፊት የተሠራ ከሆነ አትንኩት። አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በላቦራቶሪ ይመርመር። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ለማትረፍ ሳንባ አይሰጥም።

4. ማሽኑን አስቀምጡ

የዚህ መጠን ማሽን ከ300 እስከ 500 ፓውንድ ይመዝናል። አራት ጠንካራ ሰውና ጋሪ፣ ከተቻለም ማንሻ ያስፈልጋል። አታጋድሙት። ሲያርፍ የሣጥኑ የአየር አፎች በግድግዳው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ትይዩ መሆናቸውን እዩ። አዲሱ ማሽን ከአሮጌው ጋር አፍ ለአፍ የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ካልገጠመ ግድግዳውን ከመስበር ይልቅ በላሜራ የመሸጋገሪያ ዳክት አሠሩ፤ መሸጋገሪያውም በቀስታ ይጥበብ ወይም ይስፋ እንጂ ድንገት አይሰበር።

5. ዳክቱ

ከሪተርኑ እንጀምር፤ ሌሎች የሚጨርሱበት እርሱ ነውና። ብሎወሩ ያልሳበውን አየር ሊገፋ አይችልም። 1,000 ሲኤፍኤም የሚፈልግ ማሽን በአንድ ባለ 12 ኢንች ፍሌክስ (በቀላሉ የሚተጣጠፍ ቱቦ) ሪተርን ሲገጠም በጠባብ አፍንጫ እየተነፈሰ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ይጮኻል፣ ኮይሉ በረዶ ይሠራል፣ ኮምፕረሰሩ ዕድሜው ያጥራል። ለምሳሌው ቤታችን አንድ ባለ 16 ኢንች፣ ወይም የተሻለ ሆኖ ከሁለት ቦታ የሚስቡ ሁለት ባለ 14 ኢንች ሪተርኖች ይስማማሉ። የማጣሪያውን ስፋት ለማስላት ሲኤፍኤሙን ለ2 አካፍሉ፦ 1,000 ለ2 ሲካፈል 500 ካሬ ኢንች፤ ማለትም 20 በ25 ኢንች የሆነ ፊልተር። ከዚያ ቢሰፋ ይሻላል እንጂ አይጉዳችሁም።

የሪተርኑ ግሪል፣ አየሩ የሚገባበት ወንፊት ክዳን፣ የት ይቀመጥ? በኮሪደሩ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ። ከኩሽና አርቁት። የእኛ ቤት ቁሌት የሚቁላላበት፣ ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ነው፤ ግሪሉ ምድጃው አጠገብ ከሆነ የሽንኩርቱ ሽታ በየመኝታ ቤቱ ይታደላል፤ ቅባትና ጭሱም ፊልተሩንና ኮይሉን ይደፍናል። ከምድጃው በላይ ወደ ውጭ የሚያወጣ መምጠጫ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ቢሆንም፣ ወለሉ ሥር ከገባችሁ አይቀር አብራችሁ አስቡበት።

የመኝታ ቤት በር ሲዘጋ በሳፕላይ የገባው አየር የሚወጣበት ያጣል። ክፍሉ በአየር ይወጠርና ቀዝቃዛው አየር እንደ ልብ መግባቱን ያቆማል፤ ሳሎኑ ደግሞ ከውጭ ትኩስ አየር መሳብ ይጀምራል። መፍትሔው ለክፍሉ የራሱ ሪተርን መስጠት፣ ካልተቻለ ከበሩ በላይ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳልፍ ግሪል መክፈት ነው። የበሩን ግርጌ መቁረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

አሁን ሳፕላዩ። ከማሽኑ ወጥቶ በወለሉ ሥር የሚሄደውን ዋናውን ዳክት ከላሜራ ሥሩት። ለ1,000 ሲኤፍኤም 22 በ8 ኢንች ገደማ ይበቃል፤ ግማሹ አየር በቅርንጫፎች ከወጣ በኋላ ወደ 14 በ8 ይጥበብ። ካልጠበበ የአየሩ ፍጥነት ይሞትና የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ይጎዳሉ። ቅርንጫፎቹን ከዋናው ዳክት ጎን አውጡ፤ ከመጨረሻው ቅርንጫፍ በኋላ ቢያንስ 12 ኢንች ባዶ ዳክት ተዉ። ከጫፉ መዝጊያ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት የሌሎቹን ድርሻ ይሰርቃል።

ቅርንጫፎቹ ፍሌክስ ሊሆኑ ይችላሉ። በደንብ የተወጠረ ባለ 6 ኢንች ፍሌክስ ከ75 እስከ 100፣ ባለ 8 ኢንች ከ160 እስከ 200 ሲኤፍኤም ያህል ያሳልፋል። «በደንብ የተወጠረ» የሚለውን አስምሩበት። ተሸብሽቦ የተተወ ፍሌክስ በወረቀት የተሰላለትን አያሳልፍም። ትርፉን ቁረጡት እንጂ ጥግ ላይ አትጠቅልሉት። በየ4 ጫማው ቢያንስ 1.5 ኢንች ስፋት ባለው ማሰሪያ ከወለሉ አግዳሚ እንጨት አንጠልጥሉት፤ በቀጭን ሽቦ ከታሰረ ይታነቃል። በአንድ ጫማ ርዝመት ከግማሽ ኢንች በላይ አይርገብ። ሲታጠፍም የመታጠፊያው ክብ ከራሱ ከዳክቱ ስፋት አይነስ፤ ከዚያ ለሚጠብ ጥግ የላሜራ ክርን ተጠቀሙ።

ክብ የላሜራ ቱቦ ሲጋጠም የተሸበሸበው ጫፍ አየሩ ወደሚሄድበት ይዙር፤ በየመጋጠሚያው ዙሪያውን እኩል ተራርቀው ቢያንስ ሦስት ብሎን ይግቡ።

ከዚያ ማሸግ። ስሙ ዳክት ቴፕ የሆነው ያ ግራጫ የጨርቅ ቴፕ ለዳክት አይሆንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የማሸጊያ ዓይነቶችን በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲፈትኑ፣ ክፉኛ ተሸንፎ የወደቀው የጨርቅ ቴፑ ነበር። የሚያስፈልጋችሁ ማስቲክ ነው፤ በብሩሽ የሚቀባ ወፍራም ማሸጊያ። በመጋጠሚያው ላይ የአንድ ሳንቲም (የገንዘቡ) ውፍረት ያህል ቀቡት፤ ከሩብ ኢንች ለሚሰፋ ክፍተት መጀመሪያ የመረብ ፋሻ ለጥፉ። ፍሌክስን ከላሜራ አንገት ጋር ስታገናኙ አንገቱን ማስቲክ ቀቡ፣ የውስጠኛውን ላስቲክ አልብሱ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቁ፣ ከዚያ ኢንሱሌሽኑንና የውጭ ሽፋኑን ስባችሁ ለብቻ እሰሩ። ብዙ ሰው የውጭውን ሽፋን ብቻ አስሮ ይሄዳል፤ ያ ዳክት የወለሉን ሥር ነው የሚያቀዘቅዘው።

የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሆነው ኢነርጂ ስታር እንደሚለው በተለመደ ቤት በዳክት ከሚጓዘው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና በደካማ መጋጠሚያ ይጠፋል። የሳፕላዩ ፍሳሽ ገንዘብ ነው። የሪተርኑ ፍሳሽ ግን ጤና ነው፤ ከወለሉ ሥር የሻገተ አየር፣ የአፈር እርጥበትና የአይጥ ኩስ ሽታ እየሳበ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ይነፋል። እዚያው ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ ደግሞ ጭሱን ወደ ኋላ ሊስበው ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ስለዚህ ማሸጉን ከሪተርኑ ጀምሩ፤ በቤቱም ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ።

በሣጥኑና በግድግዳው መካከል ያለችው አጭር ዳክት ፀሐይና ዝናብ የሚቀጠቅጣት ናት። ከሣጥኑ ጋር የምትገናኝበት ንዝረቱን እንዲውጥ በሸራ መጋጠሚያ ይሁን። አር-8 (የመከላከል አቅም መለኪያ ነው) ኢንሱሌሽን አልብሷት፣ ከላይ ውሃ የሚያንሸራትት ተዳፋት የላሜራ ክዳን ሥሩላት። በዳክቱና በግድግዳው ቀዳዳ መካከል የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ ድፈኑ፤ አይጥ በአውራ ጣት በማያልፍ ቀዳዳ ይገባል። ወለሉ ሥር መሬቱ አፈር ከሆነ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ፤ አለዚያ በቀዝቃዛው ዳክት ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

6. የውሃ መውረጃ

በሐምሌ ወበቅ ማሽኑ በቀን ብዙ ጋሎን ውሃ ከአየሩ ይጨምቃል። ከሣጥኑ አፍ ባለ 3/4 ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ አውጡና ወዲያው የውሃ መቆለፊያ ጉልበት፣ ማለትም ውሃ ይዞ አየር የሚከለክል ወደታች የታጠፈ ቧንቧ፣ አብጁለት። ብሎወሩ በውስጥ አየር ስለሚስብ፣ መቆለፊያ የሌለው ቧንቧ አየር እየሳበ ውሃው ከሣህኑ እንዳይወርድ ያግተዋል፤ ከዚያ ሞልቶ ወደ ዳክቱ ይፈሳል። የመቆለፊያውን ጥልቀት ከመመሪያው ላይ ውሰዱ። ቧንቧው በየጫማው 1/8 ኢንች ተዳፍቶ ከመሠረቱ ርቆ ይፍሰስ። ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት መቆለፊያውን በውሃ ሙሉት።

7. መብራት፣ ጋዝ፣ ቴርሞስታት

ይህ የባለሙያው ነው፤ እናንተ የምታዩት ጥቂት ነገር አለ። በማሽኑ ታርጋ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፦ ሽቦው ቢያንስ ሊሸከም የሚገባው አምፔርና ከዚያ በላይ ሊሆን የማይችለው ብሬከር። ታርጋው 30 ብሎ አሮጌው ብሬከር 40 ከሆነ ብሬከሩ ይቀየር፤ «ይሠራል» ማለት መልስ አይደለም። ዲስኮኔክቱ ከማሽኑ ሆኖ የሚታይ ይሁን። በ25 ጫማ ውስጥም ለጥገና የሚሆን ጂኤፍሲአይ (መብራት ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ) ሶኬት ይኑር።

የጋዝ ቧንቧው ከማሽኑ አጠገብ መዝጊያና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ወደታች የወረደ ቁራጭ ይኑረው። መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተኑ፤ በእሳት በፍጹም። ቴርሞስታቱን ፀሐይ ከማይመታውና ሳፕላይ ከማይነፋበት የውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

8. የመጀመሪያው ሙከራ

ገጣሚው ጌጅ አገናኝቶ ጋዝ «ልጨምርልህ» ካለ አስቁሙት። ማሽኑ በፋብሪካ በሚዛን ተሞልቷል፤ መጀመሪያ የሚለካው የአየር ፍሰቱ ነው። ፊልተሩ ገብቶ፣ ግሪሎቹ ሁሉ ተከፍተው፣ በሪተርኑና በሳፕላዩ ላይ አንድ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ባለሙያው በማኖሜትር ግፊቱን ይለካ። በአብዛኞቹ ማሽኖች የሁለቱ ድምር (የሪተርኑ የመቀነስ ምልክት ሳይቆጠር) ከ0.5 ኢንች የውሃ ዓምድ ማለፍ የለበትም። 0.8 ካሳየ የብሎወሩን ፍጥነት መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ከፍተኛውን ቁጥር ያሳየው የታነቀው ጎን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሪተርኑ።

ግፊቱ ከተስተካከለ ማሽኑ 15 ደቂቃ ይሥራና የሪተርኑን አየር ሙቀት ከሳፕላዩ ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ከሆነ ጤነኛ ነው፤ በጣም ወበቃም በሆነ ቀን ወደ ዝቅተኛው ያደላል። በመጨረሻ በየክፍሉ ግሪል ላይ አየሩን ለኩና በቅርንጫፎቹ መዝጊያ አስተካክሉ።

የዳክት ፍሳሽ ፈተናም ጠይቁ። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኮድ የ2021 እትም በ25 ፓስካል ግፊት ለ100 ካሬ ጫማ 4 ሲኤፍኤም ፍሳሽ ይፈቅዳል፤ ለ1,400 ካሬ ጫማ 56 ሲኤፍኤም ማለት ነው። ካውንቲያችሁ የሚጠይቀው ከዚህ ሊለይ ይችላል። ይህ ፈተና ዳክቱ በኢንሱሌሽን ከመሸፈኑ በፊት ቢደረግ የሚፈሰው ቦታ በዓይን ይገኛል። የካውንቲው መርማሪ አይቶ እስኪፈርም የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ።

ከዚያ በኋላ ፊልተሩን በየወሩ እዩት፤ ቡናና ዕጣን በየቀኑ ባለበት ቤት ከተጻፈለት ጊዜ ቀድሞ ይጠቁራል። የውጭውን ኮይል በፀደይ ማሽኑ ጠፍቶ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። የሪተርኑን ግሪል ፊት ለፊት ሶፋ አታስጠጉበት።